ሰው አለሽ?

«ሰው አለሽ?» አለቻት ዙሌካ፣ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ።

ሒሩት ፍራሹ ላይ እንደተቀመጠች ቀና ብላ አየቻት። ሰኞ ከሰዓት ነው። ድንኳኑ በለቀስተኛ ሞልቶ፣ የዕድሩ አግዳሚ ወንበሮች አልበቃ ብለው ከጎረቤት ተጨምሯል። 

«ምን ሰው አለኝ ዙሌካ? ሰዌ እናቴ ነበረች። እሷንም ትናንት ቀበርናት» አለች። ከጠዋት ጀምሮ ጋብ ብሎ የነበረው ለቅሶ እንደ አዲስ ገነፈለ። እሷ ስታለቅስ አጠገቧ ያሉት ሴቶች ተከተሏት፤ በር በኩል ካርታ የያዙት ወንዶች ሳይቀሩ ጨዋታቸውን አቁመው አንገታቸውን ደፉ።

ዙሌካ ክው አለች። «ኧረ እኔ እሱን አላልኩም! በአላህ! ወረዳ ማለቴ ነው። ወረዳ ሰው አለሽ ወይ? ለቤቱ ጉዳይ።»

አንዲት አሮጊት ሳቃቸውን በነጠላቸው አፈኑ። ሒሩትም ዕንባዋን እየጠረገች ሳቅ ቢጤ አመለጣት፤ ወዲያው ደግሞ አፈረች። እናቷ ብትኖር ቀድማ የምትስቀው እሷ ነበረች።

ዙሌካ ሾላ ገበያ በርበሬና ቅመም ትሸጣለች። ከሟቿ ከአሳየች ጋር ግድግዳ ተጋርተው ሃያ ሁለት ዓመት ኖረዋል። የሁለቱም ቤት የቀበሌ ቤት ነው። ወረዳው ከሁለት ሳምንት በፊት ማስታወቂያ ለጥፎ በዚያ ረድፍ ያሉ ተከራዮች በሙሉ እስከ ዓርብ ድረስ ውላቸውን እንዲያድሱ አዟል። ውሉ በስሙ የነበረው ሰው ከሞተ፣ አብሮት የኖረ ልጅ የሞት ምስክር ወረቀት ይዞ ይቀርብና ቤቱን በስሙ ያዛውራል። እስከ ዓርብ ሰው ያልቀረበበት ቤት ባዶ ተብሎ ይመዘገባል፤ ባዶ የተባለ ቤት ውስጥ ደግሞ ነገ ማን እንደሚገባ አይታወቅም። የሒሩት ታናሽ ወንድም ዮፍታሔ አግብቶ ኮተቤ ወጥቷል። ሒሩት ግን በሠላሳ ስምንት ዓመቷም ከእናቷ ጋር ነበረች። ከዚያች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ሌላ መግቢያ የላትም።

አሳየች ውሉን ልታድስ ወረቀቶቿን በፌስታል አዘጋጅታ ነበር። እሑድ ጎህ ሲቀድ ደም ግፊቷ ጣላትና ሐኪም ቤት ሳትደርስ አለፈች። በዕለቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ተቀበረች። ሐዘንተኛ ከሠልስት በፊት ከቤት አይወጣም፤ ሠልስቱ ማክሰኞ ነው። ለሒሩት የሚቀራት ሦስት ቀን ብቻ ነው፤ እሱንም ከየት እንደምትጀምር አታውቅም።

የሚያንገበግበው ደግሞ፣ በዚያ ሰፈር እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲነሣ የሚኬድበት ቤት አንድ ብቻ መሆኑ ነው። እሱም ይኸው ድንኳን የተጣለበት ቤት ነው።

አሳየች ሠላሳ አንድ ዓመት የመንግሥት ተላላኪ ነበረች። ፋይል ታመላልሳለች፤ ከመዝገብ ቤት ወደ ኃላፊ፣ ከኃላፊ ወደ ጸሐፊ፣ ሲያሻም ፊርማ ደብተሯን በብብቷ ይዛ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት። ጡረታ ሳትወጣም ከወጣችም በኋላ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደጃፏ ላይ ሰው አይጠፋም። «እትዬ አሳየች፣ ይቺን ወረቀት ማን ጋ ልውሰዳት?» ይላታል። እሷ መነጽሯን ታደርግና ወረቀቱን ትቀበላለች። ጽሑፉን አታነብም፤ ከላይ ያለውን ቁጥርና ከሥር ያለውን ግልባጭ ታያለች። ከዚያ «ሦስተኛ ፎቅ፣ ከደረጃው በስተግራ፣ ሁለተኛው ጠረጴዛ። ሰኞ አትሂድ፣ ስብሰባ ናቸው። ማክሰኞ በጠዋት ድረስ» ትላለች። የሰው ስም ጠርታ አታውቅም።

ሰው ግን ሰው ነውና፣ አሳየች ትልልቅ ባለሥልጣን ታውቃለች ብሎ ደመደመ። ሒሩትም እንደዚያው። ከስድስት ዓመት በፊት ከግል መድኃኒት ቤት ወጥታ የመንግሥት ጤና ጣቢያ ልትገባ ተፈትና፣ ስሟ ተጠባባቂ ዝርዝር ላይ ቀረ። እናቷ ያኔ ገና ሥራ ላይ ናት። ሒሩት ማመልከቻዋን ሰጠቻትና «ለኃላፊው አንድ ቃል ተናገሪልኝ» አለቻት። አሳየች ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። በማግስቱ ከሥራ ስትመለስ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«እኔ ሰው የለኝም» አለች።

«ለጎረቤቱ ሁሉ ሰው አለሽ! ለልጅሽ ሲሆን ነው የሌለሽ?»

ሒሩት ሁለት ወር አኮረፈች። ኩርፊያው አለፈ፤ ነገሩ ግን ሆዷ ውስጥ ቀረ። አሁን ፍራሽ ላይ ተቀምጣም ይቆረቁራታል። በአንድ ልብ ለእናቷ እያለቀሰች በሌላው ልብ እሷኑ መቀየሟ ያሳፍራታል።

የዙሌካ ጥያቄ ድንኳኑን ዳር እስከ ዳር አዳረሰው። ማክሰኞ፣ ከሠልስቱ በኋላ፣ ሰው የሌለው ለቀስተኛ አልተገኘም። ንፍሮ የሚቆረጥመው ሁሉ ሰው አለው። የአንዱ ያክስት ልጅ ባል ክፍለ ከተማ ነው። የአንዷ የንስሐ አባት የወረዳውን ሥራ አስኪያጅ ያውቃሉ፤ ሥራ አስኪያጁ ግን ዐምና ተዛውረዋል። አንድ ሽማግሌ ከወረዳው ጥበቃ ጋር ወታደር ቤት አብረው እንደነበሩ ተናገሩ። ይኼኛው ቢያንስ ከበሩ ያስገባ ነበር።

«አንቺ አታስቢ» አላት ዮፍታሔ። «እኔ ኮኔክሽን አለኝ። ጆኒ የሚባል ልጅ አለ፤ የማይገባበት ቢሮ የለም።»

«ምንድን ነው የሚሠራው?»

ዮፍታሔ አሰበ። «እሱን እንኳ ጠይቄው አላውቅም።»

ለጆኒ ተደወለለት። «ስብሰባ ላይ ነኝ ብራዘር፣ ኮል ባክ አደርጋለሁ» አለና ዘጋው።

ረቡዕ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሒሩት ወረዳው በር ላይ ነበረች። ጥቁር ልብሷን ያየው ሰልፈኛ መንገድ ለቀቀላት። የልደትና የሞት ምዝገባ የሚካሄድበት ክፍል ገብታ የቤተ ክርስቲያኑን የቀብር ማስረጃ በመስኮቱ አቀበለች። መዝጋቢው ወጣት ወረቀቱን እያየ ኮምፒውተሩ ላይ ጻፈ። ደግሞ ጻፈ።

«ወለተማርያም ወልደሰንበት?»

«አዎ።»

«በዚህ ስም የተመዘገበ ነዋሪ የለንም።»

«አሳየች ብለህ እየው እስቲ።»

ጻፈ። «አሳየች ወልደሰንበት አለች» አለ። «እሷ ግን አልሞተችም።»

ሒሩት የመስኮቱን ደፍ በሁለት እጇ ያዘች። ለአንዲት ቅጽበት፣ ጅል ብትባልም ባትባልም፣ አምናው ነበር።

ወጣቱ ፊቷን አይቶ ደነገጠ። «ማለቴ፣ በእኛ መዝገብ ነው እህቴ። ይሄ ወረቀት የሞቱት ወለተማርያም ናቸው ነው የሚለው።»

ወዲያው ገባት። ማንም አልበደላትም፤ ስሕተቱ የራሷ ነው። እሑድ ዕለት ካህናቱ ለፍትሐት ስም ሲጠይቋት የክርስትናውን ነገረቻቸው፤ ደንቡ ነው። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ «የሟች ስም?» ስትባልም ያንኑ ደገመችው። እንዳትሳሳት ተጠንቅቃ፣ ፊደሉን ሳይቀር እየነገረች ነበር ያስጻፈችው። ያን ሰዓት እናቷ የምትሄደው ወደ እግዚአብሔር እንጂ ወደ ወረዳ አልመሰላትም።

«ምን ይሻለኛል?»

«ቡድን መሪውን አናግሪ።»

ቡድን መሪው ስብሰባ ገብተዋል። የቡድን መሪው ጸሐፊ ወደ ቤቶች ክፍል ላከቻት፤ ቤቶች ወደ ሕግ ክፍል፤ ሕግ ክፍል «ፍርድ ቤት ሳያስፈልግ አይቀርም» ብሎ ወደ ቡድን መሪው መለሳት። በገባችበት ሁሉ «የአሳየች ልጅ ነኝ» ትላለች። «እዚህም ፋይል ስታመላልስ የኖረች፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ያገለገለች።» ወጣቶቹ ትከሻቸውን ይሰብቃሉ። ዕድሜ ጠገብ የሆኑት «አሳየች? አሳየች…» ይሉና ጣሪያ ጣሪያ ያያሉ። የሚያውቃት አንድም ሰው አልተገኘም። ደጅ ስትጠና ውላ በዐሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ከሠራተኛው ጋር ወጣች። ከድካሙ ይልቅ ያበሸቃት ሌላ ነገር ነው፤ እናቷ ፋይል ስታመላልስበት በኖረችው ግቢ ስሟ እንዲህ ባዕድ ይሆናል ብላ አልጠበቀችም ነበር።

ሐሙስ ጆኒ ስልኩን አጠፋ። ዮፍታሔ ደጋግሞ ደውሎ ሲሰለቸው «ፍርድ ቤት እንሂድ» ማለት ጀመረ፤ ፍርድ ቤት ግን በአንድ ቀን ምንም እንደማያደርግላቸው እሱም ያውቃል። ዙሌካ ሱቋን ዘግታ መጥታ ከሒሩት ጎን ተቀምጣለች። የሒሩትን ጉልበት ትዳብሳለች።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ አንድ ኮታቸው የነተበ ሽማግሌ የድንኳኑን በር ይዘው ቆሙ።

«የእትዬ ፋይል ቤት ይህ ነው?»

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። «ማንን ፈልገው ነው አባት?» አለ ዮፍታሔ።

«ተላላኪ የነበረችዋን። ዐርፋለች ብለው ነገሩኝ፤ ቤቷን ሾላን ዞሬ ነው ያገኘሁት።»

አስገቧቸው። «እግዜር ያጥናችሁ» ብለው ተቀመጡና ትንሽ አለቀሱ። ማቲዎስ ይባላሉ፤ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናቸው፤ ከአሳየች ጋር ሃያ ዓመት በአንድ ክፍል ሠርተዋል። ውኃ ቀርቦላቸው ከጠጡ በኋላ አንገታቸውን እንደደፉ «ስሟ አሳየች መሆኑን የሰማሁት ዛሬ ነው፤ እዚህ በር ላይ» አሉ። «ሁላችንም እትዬ ፋይል ነበር የምንላት። እሷም አቤት ትላለች። ቤቷን ሳፈላልግ ማን ብዬ ልጠይቅ? ሃያ ዓመት ሙሉ አልጠየቅኋትም። ነውር ነው።»

ሒሩት ወደ እሳቸው ጠጋ አለች። «ሰው ሁሉ የሚያውቃት ይመስለን ነበር ጋሼ። ትልልቅ ሰዎች።»

«ማን? እሷን?» ማቲዎስ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እሷ ሰው አልነበራትም። ወረቀት ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያርፍ፣ የት እንደሚታነቅ፣ እሱን ግን እንደሷ የሚያውቅ አልነበረም። በእግሯ ያወቀችው ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ለራሷ ጉዳይ ስትገባ አይቻታለሁ። የልጇን ማመልከቻ ይዛ።»

ሒሩት ፊቷን ወደ እሳቸው አዞረች።

«ኃላፊው ደጃፍ ጠዋት የቆመች ዘጠኝ ሰዓት ላይ ገባች። ዐሥራ አንድ ዓመት ፋይሉን ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጥለት የኖረች ናት እኮ። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር ሰምቼዋለሁ። ‹ማነሽ አንቺ? ባለጉዳይ በጸሐፊ በኩል ነው የሚገባው› አላት። እሷም ‹ይቅርታ ጌታዬ› ብላ ወጣች። መዝገብ ቤት መጥታ ወረቀቱን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ሥራዋን ቀጠለች። ምን አለሽ ብላት፣ ‹ምንም› አለችኝ።»

ሒሩት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። እሑድ ያለቀሰችው እንደ ደንቡ ነበር፤ ዛሬ ግን ከአንጀቷ አለቀሰች። ስድስት ዓመት ሙሉ «የለኝም» ያለቻትን ሴት እንደ ንፉግ ቆጥራታለች። የለኝም ማለት የለኝም ማለት ኖሯል። ይቅርታ የምትጠይቅበት ቦታ እንጦጦ ላይ ያለ አፈር ብቻ ነው፤ አፈር ደግሞ አይመልስም። ዙሌካ አቅፋት «ሰብር አድርጊ፣ ሰብር አድርጊ» እያለች ታጽናናታለች፤ እሷም አብራት ታለቅሳለች።

ማቲዎስ እስኪበርድላት ጠበቁ። ኋላ ዮፍታሔ የቤቱንና የስሙን ነገር ሲነግራቸው «እኔም ሰው የለኝም» አሉ። «ወረቀቱን ግን አሳዩኝ።» ተቀብለው ከላይ ቁጥሩን፣ ከታች ፊርማውን አዩ። «ልጄ፣ ወረዳ ምን ትሠሪያለሽ? ይህ ወረቀት የተወለደው ቤተ ክርስቲያን ነው፤ የሚታረመውም እዚያው ነው። የጻፈው ሰው ሁለቱንም ስም ጽፎ ማኅተም ካደረገበት ወረዳው ይቀበላል፤ የሚከለክለው ነገር የለም። አለቃውን እንዳትፈልጊ፤ ቀጠሮ ይሰጡሻል። ከቅዳሴ በኋላ መዝገቡን የያዙትን መሪጌታ ጠይቂ። እትዬ ፋይልም ብትኖር ይህንኑ ነበር የምትልሽ።»

ዓርብ ሒሩት ጎህ ሳይቀድ ተነሥታ፣ ታክሲው እስከሚደርስበት ሄዳ ቀሪውን ዳገት በእግሯ ወጣችው። ጭጋጉ ከባሕር ዛፉ ላይ ገና አልተነሣም። ቅዳሴው ሲያልቅ መሪጌታ ኃይለ መስቀልን ከጽሕፈት ቤቱ በር ላይ አገኘቻቸው። ጉዳዩን ስትነግራቸው መዝገቡን አውጥተው ገጹን ፈለጉ።

«እሑድ ስጠይቅሽ ለማን ነው ብትዪኝ ኖሮ» አሉ መነጽራቸውን ከአፍንጫቸው ላይ ከፍ እያደረጉ። «ለእግዚአብሔር ወለተማርያም ትበቃዋለች። ወረዳ ግን ክርስትና አልተነሣም።»

ከሰኞ ወዲህ ከልቧ የሳቀችው አሁን ነው። ደብዳቤውን በእጃቸው ጻፉት፦ በክርስትና ስማቸው ወለተማርያም፣ በዓለም ስማቸው አሳየች ወልደሰንበት የተባሉት ምእመን አንድ ሰው መሆናቸውን እናረጋግጣለን። ማኅተሙን ቀለሙ ላይ ሁለት ጊዜ አሽተው መቱበት። ከመውረዷ በፊት መቃብሩ ጋ ደርሳ ቆመች። የምትለውን ስታሰላስል ቆይታ «እማዬ፣ አላወቅሁም ነበር» አለች። ሌላ አልመጣላትም። ሰዓቷን አየችና መንገዱን ተያያዘችው።

ወረዳው ጋ ስትደርስ ዓርብ ነውና በአምስት ሰዓት ተኩል ተዘግቷል። እስከ ሰባት ሰዓት ተኩል ደረጃው ላይ ተቀምጣ ጠበቀች። መዝጋቢው ወጣት ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበ፤ ቡድን መሪውን አልጠራም፤ ምስክር ወረቀቱን አትሞ ሰጣት። ከዚያ ወደ ቤቶች። ሰልፉ ከክፍሉ አልፎ ኮሪደሩን ሞልቶታል፤ ሁሉም የመጨረሻዋን ቀን የጠበቀ ነው። ተራዋ ሲደርስ ከዐሥር ሰዓት አልፏል።

ከጠረጴዛው ወዲያ ያለችው ሠራተኛ ሰላማዊት ትባላለች፤ ደረቷ ላይ ያለው ባጅ ነው የሚለው። ምስክር ወረቀቱን፣ መታወቂያውን፣ ፎቶውን አንድ በአንድ አየች። ዳሯ የተበላ አሮጌ ፋይል አምጥታ ከፈተች። የሃያ ሁለት ዓመት ውል ነው። የተከራይ ስም ከሚለው ፊት ለፊት በሰማያዊ እስክሪብቶ የእናቷ ስም ተጽፏል።

«ጨርሰናል» አለች ሰላማዊት። «ይሄኛው ይሰረዝና ከሥሩ ያንቺ ይገባል። ትፈርሚያለሽ።» ማስመሪያዋን ስሙ ላይ አስተካክላ ቀይ እስክሪብቶ አነሣች።

ሒሩት አውራ ጣቷን ስሙ ላይ አደረገች።

«ምነው? ስሕተት አለው?»

«የለውም። አንዴ አንብቢው።»

«ምኑን?»

«ስሟን። ጮክ ብለሽ፣ እባክሽ።»

ሰላማዊት ሰልፉን አየች፤ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች፤ የሒሩትን ጥቁር ነጠላ አየች። ከዚያ እንደማንኛውም ባለጉዳይ ጠራቻት።

«አሳየች ወልደሰንበት!»

በር አጠገብ የነበረ ጎልማሳ፣ ተራዋ ደርሶ ያልሰማች ሴት መስላው ወደ ኮሪደሩ ዞሮ «አሳየች ወልደሰንበት!» አለ። ከሱ ቀጥሎ ያለው ተቀበለው፤ ደረጃው ጋ ያለችውም ሴት ወደ ታች፣ ወደ ግቢው፣ «ኧረ አሳየች የምትባል! ትፈለጊያለሽ!» ብላ ተጣራች።

ሒሩት ድምፁ ከግቢው እስኪጠፋ አዳመጠች። ከዚያ ጣቷን አነሣች።